ግላዲያተር ወይስ ኢንተርስቴላር?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ቤቶች! የሁለቱም ፊልሞች ሙዚቃ የአቀናባሪው የሀንስ ዚመር ነው። ግላዲያተርን (እ.ኤ.አ. 2000) ከዘፋኟ ሊሳ ጄራርድ ጋር ሠራው፤ ኢንተርስቴላር 2014 ወጣ። እኔ ለግላዲያተር አደላለሁ። ዱዱክ የሚሉት የአርመኖቹ የትንፋሽ መሣሪያ ሲገባ፣ በቃ፣ ዋሽንት ለለመደ የወሎ ጆሮ ባዳ አይደለም። ኢንተርስቴላር ላይ ግን ትልቁ የቧንቧ ኦርጋን ቫዮሊኖቹን ዋጠብኝ። እናንተስ?

መላሽ 1፦ በስልክ ስፒከር ሰምተህ እንዳይሆን! ኦርጋኑ የተቀዳው ለንደን፣ ቴምፕል ቸርች የሚባል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ያለ ደህና ኢርፎን አይያዝም።

መላሽ 2 (ኮምቦልቻ)፦ ኢንተርስቴላር ውስጥ ውሃ በውሃ የሆነው ፕላኔት ላይ ሲያርፉ፣ ከሙዚቃው ሥር እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የምትለዋን ስሟት። እኔን የጨረሰችኝ እሷ ናት።

ጠያቂ፦ ኢርፎንማ አለኝ ባክህ። ፒያሳ እየኖርኩ፣ በዚህ ሁሉ ባጃጅ፣ ያለሱ ምን ይሰማል? ቀጭ ቀጯን ግን ወድጃታለሁ። ድምፄ አሁንም ለግላዲያተር!