ነምፓይ በፓይፓይ ላይ አልጫን አለኝ፤ ነገ ጠዋት ውጤት ማስረከብ አለብኝ

የዓባይ ተማሪ (ጥያቄ)
ጤና ይስጥልኝ። አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በዓባይ ተፋሰስ ዝናብ ሳይጥል በተከታታይ የሚያልፉ ቀናትን የሚቆጥር ፕሮግራም ጽፌያለሁ። በተለመደው ፓይተን ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅብኛል። አማካሪዬ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውጤቱን ስለሚጠብቁ፣ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ «በፓይፓይ ብታስኬጂው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል» ባለችኝ መሠረት ፓይፓይን፣ ማለትም የፓይተን ኮድ የሚያስኬደውን ሌላ ፕሮግራም፣ አውርጄ ጫንሁት። ፕሮግራሜ የሚጠቀምበትን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነምፓይን በፒፕ፣ ማለትም ላይብረሪዎችን በሚጭነው መሣሪያ፣ ለመጫን ስሞክር ግን ረጅም ቀይ ጽሑፍ ካወጣ በኋላ ሜታዳታ ማዘጋጀት አልተቻለም ብሎ ይቆማል፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) አላገኘሁም ይላል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ያው ነምፓይ በተለመደው ፓይተን ላይ ያለ አንዳች ችግር ይሠራል። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ፈጣን ምላሽ
እህቴ፣ መጀመሪያ ፒፕን ራሱን ያድሱት፤ ከዚያ እንደገና ይሞክሩ። አብዛኛው የመጫን ችግር በዚህ ይፈታል።

አንጋፋ ኮደኛ
ፒፕን ማደስ አይጎዳም፤ የችግሩ ሥር ግን ከዚያ ይርቃል። ፓይተን ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውን የሚያስኬዱት ፕሮግራሞች ግን ከአንድ በላይ ናቸው። ሁላችንም የምንጠቀምበት ሲፓይተን በሲ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዕቃ በሚሞሪ ውስጥ ቦታውን ሳይለቅ ይቀመጣል፣ ስንት ቦታ እንደተጠቀሰም የሚናገር ቁጥር በራሱ ላይ ይዞ ይኖራል። የነምፓይ አስኳልም በሲ የተጻፈ ስለሆነ ይህን የውስጥ አሠራር በቀጥታ ይነካል። ፓይፓይ ግን ይህን ቁጥር አይዝም፤ የማያስፈልጉ ዕቃዎችን ከሚሞሪ የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተሩም ዕቃዎቹን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራቸዋል። ስለዚህ ነምፓይን ለማስተናገድ ሲፓይኤክስት የሚባል አስመሳይ ንብርብር አለው፤ በፓይፓይና በሲው ኮድ መካከል ያለውን ድንበር ለሚሻገር ለእያንዳንዱ ዕቃ የሲፓይተንን መልክ የያዘ አቻ ይሠራለታል።

ችግሩ የቆየ ነው። የነምፓይ ቀዳሚ የሆነውን ኑሜሪክን በ1995 የጀመረው ጂም ሁጉኒን ራሱ በኋላ ፓይተንን በጃቫ ላይ የሚያስኬደውን ጃይተንን፣ ከዚያም በዶትኔት ላይ የሚያስኬደውን አይረንፓይተንን ፈጠረ፤ ሆኖም ኑሜሪክ በሲ የተጻፈ ስለነበር በሁለቱም ላይ ሊጫን አልቻለም። የፓይፓይ ሰዎችም ነምፓይን በራሳቸው መሣሪያ እንደገና ለመጻፍ ለዓመታት ከለፉ በኋላ ትተውት ወደ አስመሳዩ ንብርብር ተመልሰዋል። በ2019 የተጀመረው ኤችፓይ ላይብረሪዎች ዕቃውን በአድራሻው ሳይሆን በእጀታ ብቻ እንዲይዙት የሚያደርግ ሥራ ሲሆን፣ እኔ በበኩሌ ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቡና ወዳጅ
አንጋፋችን አቦሉን ቀድተውልናልና ቶናውን እኔ ልቅዳ። ኮምፓይለር አላገኘሁም ማለቱ የሚነግረን አንድ ነገር አለ፤ ፒፕ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፋይል ስላጣ ነምፓይን ከምንጭ ኮዱ ልገንባ ብሎ ተነሥቷል ማለት ነው። የሚወርደውን ፋይል ስም ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ከስሪቱ ቁጥር ቀጥሎ «ሲፒ» ካለ ለሲፓይተን፣ «ፒፒ» ካለ ለፓይፓይ የተዘጋጀ ነው። የሲፒ ቁልፍ የፒፒን በር አይከፍትም። ለመሆኑ ኮምፒውተሩ ምንድን ነው? ፓይፓዩስ ስንተኛው ነው? ነምፓይን በስሙ ብቻ ነው ያዘዙት ወይስ ከነቁጥሩ?

አጋዥ እጅ
እኔም ባለፈው ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ፒፕን ሳድስ ተስተካክሎልኛል። ፒፕን ያድሱት።

የዓባይ ተማሪ
ፒፕን አድሻለሁ፤ ለውጥ የለም። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ ነው፤ ፓይፓዩ 3.10 ነው። ነምፓይን የምጭነው አማካሪዬ ከሰጡኝ የላይብረሪዎች ዝርዝር ፋይል ላይ ነው፤ እዚያ ላይ 1.26.4 ተብሎ ተጽፏል። ደግሞም ስድስት ሰዓት ያልሁት ለአንዱ ብቻ ነው፤ በ1፣ በ2.5 እና በ5 ሚሊሜትር መነሻ (ዝናቡ ከእሱ በታች ከሆነ ቀኑ ደረቅ በሚባልበት ልክ) ሦስት ጊዜ መሮጥ ስላለበት በጠቅላላው 18 ሰዓት ይሆናል።

ቡና ወዳጅ
ነገሩ ተገኘ! ነምፓይ 1.26.4 ለፓይፓይ 3.9 እንጂ ለ3.10 ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፋይል የለውም። ለ3.10 የተዘጋጀው ከ2.1 ጀምሮ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለውን ቁጥር አንሥተው 2.2ን ይዘዙ፤ ያለ ኮምፓይለር በደቂቃ ውስጥ ይጫናል። በዝርዝሩ ውስጥ ሌሎች በሲ የተጻፉ ላይብረሪዎች ካሉም እያንዳንዱን በዚሁ መንገድ ያረጋግጡ፤ ፒፒ የሚል ፋይል ከሌለው ያው ግድግዳ ይጠብቅዎታል።

ተከራካሪ
ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ከመነሻው አልስማማም። ቢጫንም የሚፈልጉትን ፍጥነት አያገኙም። ፓይፓይ የሚፈጥነው በንጹሕ ፓይተን የተጻፈ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄድ ኮድ) ሲያገኝ ነው። ሉፑ ውስጥ ከነምፓይ አሬይ (የቁጥሮች ድርድር) አንድ አንድ ቁጥር እየመዘዙ ከሆነ፣ ለእያንዳንዷ ቁጥር አንጋፋ ኮደኛ ያሉትን ድንበር ይሻገራሉ፤ ጊዜው ሁሉ በመሻገሪያው ላይ ያልቃል። አሁን ማድረግ ያለብዎት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ የ1 ሚሊሜትሩን ሥራ በተለመደው ፓይተን አሁኑኑ ያስጀምሩት፣ ሌላው ባይሳካ እንኳ ጠዋት አንድ ውጤት ይኖርዎታል። ሁለተኛ፣ ሉፑ ምን እንደሚያደርግ ይንገሩን።

የዓባይ ተማሪ
ቡና ወዳጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ 2.2 ሲባል ወዲያው ተጫነ! ነገር ግን ተከራካሪ እንዳሉት ሆነ፤ በ100 ነጥብ ብቻ ብሞክረው ከተለመደው ፓይተን ይልቅ ዘገየ። መረጃው ከቺርፕስ (በሳተላይት ላይ ከተመሠረተ የዝናብ መረጃ ስብስብ) የተወሰደ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ዕለታዊ ዝናብ ነው፤ 10,958 ቀን፣ 5,800 ገደማ የፍርግርግ ነጥብ። ሉፑ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው እየሄደ ዝናቡ ከመነሻው በታች ከሆነ ቆጣሪውን በአንድ ይጨምራል፣ ካልሆነ ወደ ዜሮ ይመልሳል፣ ረጅሙንም ይይዛል። ይህን የዓመታቱን ቅደም ተከተል እየበወዝሁ 1,000 ጊዜ እደግመዋለሁ። የ1 ሚሊሜትሩን አስጀምሬዋለሁ።

ተከራካሪ
እንግዲህ 63 ሚሊዮን ቁጥር 1,000 ጊዜ አንድ በአንድ እየነኩ ነው። ፓይፓይን ለዛሬ ይተዉትና በተለመደው ፓይተን ላይ ሉፑን ይገልብጡት፤ በነጥቦቹ ላይ ሳይሆን በቀናቱ ላይ ብቻ ይሂዱ። 5,800 ርዝመት ያለው አንድ የቆጣሪ አሬይ ከዜሮ ይጀምር። በየቀኑ የዚያን ቀን መላ ረድፍ ከመነሻው ጋር ሲያወዳድሩ ለደረቀ ነጥብ አንድ፣ ለዘነበበት ዜሮ የሚል አሬይ ያገኛሉ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ አንድ ደምረው በዚህ አሬይ ያባዙት፤ ደረቁ በአንድ ይጨምራል፣ የዘነበበት በማባዛቱ ራሱ ዜሮ ይሆናል፣ «ከሆነ» የሚል ቃል አያስፈልግም። በመጨረሻም በነምፓይ ማክሲመም ረጅሙን ይያዙ። ቀናቱ ረድፍ፣ ነጥቦቹ ዓምድ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ የአንድ ቀን ቁጥሮች በሚሞሪ ውስጥ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ የፍጥነቱ ግማሽ ይጠፋል። በእኔ ግምት አንዱ ዙር ከአንድ ሰከንድ በታች ይሆናል፤ 1,000ው ዙር እራት በልተው ሳይጨርሱ ያልቃል። ሉፑን እንዳለ ማቆየት ከፈለጉ ደግሞ ነምባ የሚባለው ኮምፓይለር አለ፤ እሱም በሲፓይተን ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

አንጋፋ ኮደኛ
የተከራካሪ ምክር ለዛሬ ማታ ትክክል ነው። ሆኖም ፓይፓይ አይረባም ብላችሁ እንዳትሄዱ እለምናለሁ። ያው ሉፕ ያለ ነምፓይ በተራ ዝርዝር ላይ ቢጻፍ ድንበር የሚባል ነገር ስለማይኖር ፓይፓይ ሲፓይተንን በብዙ ርቀት ይቀድመዋል። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው በር ለአንዱ ቤት ብቻ ተለክቶ የተሠራ በመሆኑ ነው።

ፈጣን ምላሽ
ፒፕን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፍተው ያድሱት።

ዝናብ ቆጣሪ
ዘግይቼ ገባሁ፤ እህቴ፣ ውጤቱን ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ። በቺርፕስ መረጃ የሌለበት ነጥብ −9999 ተብሎ ነው የሚሞላው። ይህ ቁጥር ከ1 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ የቀድሞው ሉፕዎም ሆነ አሁን የተጻፈልዎት አሠራር እንደ ደረቅ ቀን ይቆጥረዋል። የተፋሰሱን ቅርጽ ሲቆርጡ ከወሰኑ ውጭ የቀሩ ነጥቦች ተካትተው ከሆነ ረጅሙ ደረቅ ጊዜያቸው 10,958 ቀን ሆኖ ይወጣል፤ ይህን ቁጥር በውጤቱ ውስጥ ይፈልጉት። ካገኙት ነጥቦቹን አስቀድመው ያውጧቸውና ሌሊት የሚሮጠውንም ከመጀመሪያው ያስጀምሩት።