ከደሴ ወደ ጋላፓጎስ፦ እናቴን በየትኛው ወር ልውሰዳት?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምክራችሁን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቤተሰቡን በሙሉ በመርከብ ጋላፓጎስ ደሴቶችን ሊያስጎበኘን አስቧል። ከኢኳዶር የባሕር ዳርቻ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ልጆቼ ግዙፎቹን ኤሊዎችና ባሕር ውስጥ የሚዋኙትን እንሽላሊቶች ለማየት ጓጉተው እንቅልፍ ነሱኝ።

ጭንቄ ወሩ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። እዚያ ደግሞ ከሰኔ እስከ ኅዳር ገደማ ባሕሩ ይናወጣል፤ ውኃውም ይቀዘቅዛል። እናቴ እንኳን ባሕር፣ ሐረጎን በመኪና ስንወርድ ያጥወለውላታል! ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ረጋ ይላል፤ ግን ልጆቹን ከትምህርት ማስቀረት ሊሆን ነው። ትልቅ መርከብ እንዳንመርጥ፣ እዚያ ከ100 በላይ ተሳፋሪ የሚጭን አይፈቀድም።

እሷን ጥለን መሄድ አይታሰብም። ይህን ቀን ስታልም ነው የከረመችው።

በክረምት ከወላጆቹ ጋር የሄደ አለ? ካታማራን የሚሉት፣ ጎን ለጎን የተያያዘ ሁለት አካል ያለው ጀልባ በእርግጥ ብዙ አይንገላታም? ወይስ ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው ሳንታ ክሩዝ ላይ አልጋ ይዘን ብንቆይ ይሻላል? ኤሊዎቹ እዚያው ደጋው ላይ አሉ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቪዛውን የጨረሰ ካለም አካሄዱን ይንገረኝ። ወንድሜ ሊከፍል ስለሆነ ቶሎ በሉልኝ።