ባትሪ ላይ ሲሆን የሚደበዝዝ ስክሪን እና የሚያቃጥል ዓይን፦ የቱን ሴቲንግ ልንካ?

አርታኢዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ የሚታረምበት ነው፤ 14 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ ዊንዶውስ 11። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የመጣ የኢንቴል ግራፊክስ አለው፣ በተጨማሪም የኤንቪዲያ ካርድ አለው።

ቻርጀሩ ሲነቀል ከጥቁር መስኮት ወደ ነጭ ገጽ ስሸጋገር፣ ነጩ መጀመሪያ አመድማ ሆኖ ይመጣና በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደምቃል። ወደ ጥቁሩ ስመለስ ደግሞ መልሶ ይደበዝዛል። የብራይትነስ መቆጣጠሪያው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ቻርጀሩ ሲሰካ ይህ ይጠፋል።

ሁለተኛው፣ ማታ ብራይትነሱን ወደ 20 በመቶ ሳወርደው፣ ቻርጀር ላይም ቢሆን፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ግንባሬን ይወቅረኛል። ናይት ላይት (ስክሪኑን ቢጫማ የሚያደርገው) 60 ላይ ነው፤ ምንም ለውጥ አላመጣም። ከውጭ በሚሰካ ሞኒተር ላይ ሁለቱም ችግሮች የሉም።

የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ብፈልግ ስለ ብራይትነስ የሚል ቁጠባ አላገኘሁም። ከየት ነው የሚጠፋው?


ጀርባ ብርሃን፦

እህቴ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የገለጽሽው፤ ለየብቻ እንያቸው። ባትሪ ላይ ብቻ የሚመጣው መደብዘዝና መድመቅ የኃይል ቁጠባ ሥራ ነው፣ በሴቲንግ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የማታው ማቃጠል ከስክሪኑ ከራሱ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱን ሌሎች ይመልሱልሽ።

መጀመሪያ የኤንቪዲያውን ተይው። እንዲህ ሁለት ግራፊክስ ባላቸው አብዛኞቹ ላፕቶፖች የላፕቶፑ ስክሪን የተገናኘው ከኢንቴሉ ጋር ነው፤ ኤንቪዲያው የሠራውን ምስል ለኢንቴሉ ያቀብላል እንጂ ስክሪኑን እሱ አይመራውም። ለማረጋገጥ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቢ። ስክሪኑ ከየትኛው ግራፊክስ ጋር እንደተገናኘ እዚያው ተጽፏል። ኢንቴል ካለ፣ የምትፈልጊው ሴቲንግ ያለው ኢንቴል ዘንድ ነው። የውጭው ሞኒተር ደህና የሆነውም ለዚህ ነው፤ ይህ ቁጠባ የሚሠራው አብሮ በተገጠመው ስክሪን ላይ ብቻ ነው።

አሁን ቻርጀሩን ንቀዪና ኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተርን ክፈቺ። በግራ በኩል ሲስተም፣ ከዚያ ፓወር የሚለውን ምረጪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ገጹ ለቻርጀር እና ለባትሪ የተለያየ ክፍል አለው። በቻርጀሩ ክፍል አጥፍተሽ ከወጣሽ ባትሪ ላይ ያለው እንደበራ ይቀራል። ኦን ባተሪ የሚለውን መርጠሽ ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግስን አጥፊው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ድራይቨሩ (ግራፊክሱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) በስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ያያል፤ ጨለማ የሚበዛበት ከሆነ የጀርባ መብራቱን ይቀንስና ለማካካስ የምስሉን ነጥቦች ያደምቃል። ነጭ ገጽ ሲመጣ መብራቱን መመለስ አለበት፣ ግን ድንገት እንዳይሆን ቀስ ብሎ ይመልሳል። አንቺ የምታዪው ያ ቀስ ማለት ነው። የዓይንሽ ብሌን ደግሞ እያንዳንዱን ለውጥ ተከትሎ ይጠባል ይሰፋል፤ ሁለት መስኮት እያፈራረቀ ለሚያርም ሰው ይህ በቀን ስንት መቶ ጊዜ እንደሚሆን አስቢው።

ኢንቴሉን ካጠፋሽ በኋላም ለውጡ ካልቆመ፣ ዊንዶውስም የራሱ ተመሳሳይ ነገር አለው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ውስጥ ከብራይትነስ ጎን ያለችውን ቀስት ተጫኚ። በይዘቱ መሠረት ብራይትነስ ቀይር የሚለውን ኦፍ አድርጊው። በክፍሉ ብርሃን መሠረት ቀይር የሚለውም ካለ (የብርሃን ሴንሰር ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ብቻ ይታያል) እሱንም አጥፊ። በመጨረሻ ፓወር ኤንድ ባተሪ ውስጥ ኢነርጂ ሴቨርን ክፈቺና፣ ሲበራ ብራይትነስ ዝቅ አድርግ የሚለውን ምልክት አንሺ።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትንኪ። አንዱን አጥፊ፣ ጥቁርና ነጭ መስኮት አፈራርቀሽ አሥር ሰከንድ ያህል እዪ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ያለዚያ የትኛው እንደነበር ሳታውቂ ትቀሪያለሽ፤ ባትሪው ቶሎ ሲያልቅም የቱን መልሰሽ እንደምታበሪ አታውቂም።


ጥላና እርሳስ፦

የማታውን ልመልስ። 20 በመቶ ላይ የሚያቃጥል፣ በውጭ ሞኒተር ላይ የማይኖር ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስክሪኑ ብርሃን የሚቀንስበት ዘዴ ነው። ብዙ ስክሪኖች ብርሃን የሚቀንሱት መብራቱን በማድከም ሳይሆን በፍጥነት ብልጭ ድርግም በማድረግ ነው፤ ፒደብልዩኤም ይባላል። ለምሳሌ በሰከንድ 200 ጊዜ (200 ሄርትዝ) የሚሠራ ከሆነ አንዱ ዙር 5 ሚሊሰከንድ ነው። ብራይትነስ 20 በመቶ ሲሆን መብራቱ 1 ሚሊሰከንድ ይበራል፣ 4 ሚሊሰከንድ ይጠፋል። 100 በመቶ ላይ ግን ጨርሶ አይጠፋም። ስለዚህ ዓይንሽን ለማሳረፍ ብለሽ ባወረድሽው ቁጥር የጨለማው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል።

ዓይን ይህን ቀጥታ ስለማያየው መፈተኛው ቀላል እርሳስ ነው። ክፍሉን አጨልሚ፣ ነጭ ባዶ ገጽ ስክሪኑን ሙሉ እንዲሞላ አድርጊ፣ ብራይትነሱን 20 በመቶ ላይ አድርገሽ እርሳሱን በስክሪኑ ፊት ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ አወዛውዢው። ብርሃኑ የማያቋርጥ ከሆነ እርሳሱ እንደ ጭስ ተቀላቅሎ፣ ጠርዙ ጠፍቶ ይታያል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ብዙ እርሳሶች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተለያይተው ተደርድረው ታያለሽ። ከዚያ በ50 እና በ100 በመቶ ድገሚው።

ስልክሽ ካሜራው ላይ ፕሮ የሚባል አሠራር ካለው ደግሞ ሹተሩን 1/1000 ሰከንድ አድርገሽ ነጩን ገጽ ከቅርብ አሳዪው። ወፍራም ጥቁር መስመሮች ከታዩ ያው ነው። ኦሌድ ስክሪን ላይ 100 በመቶ ብራይትነስም ሆኖ አንድ ቀጭን መስመር ልትታይ ትችላለች፤ እሷ ከሪፍሬሹ (ከምስሉ መታደስ) የምትመጣ ናት፣ አታስደንግጥሽ። የሚያሳስበው ብራይትነስ ሲቀንስ የሚወፍሩት ናቸው።

አንድ ስህተት ከወዲሁ ላርም፦ ሪፍሬሽ ሬትን ከ60 ወደ 120 ሄርትዝ መጨመር ይህን አያጠፋም። ሪፍሬሽ ምስሉ የሚታደስበት ፍጥነት ነው፤ የኤልሲዲ ጀርባ መብራት በራሱ ሰዓት የሚሄድ ሌላ ነገር ነው።


አርታኢዋ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኦን ባተሪ ክፍል ውስጥ ያለውን ሳጠፋ መደብዘዙ ቆመ፤ የዊንዶውሱን መንካት አላስፈለገም። የእርሳሱ ሙከራ ግን እንደተባለው ሆነ፦ በ20 በመቶ እርሳሶቹ ተለያይተው ይታያሉ፣ በ50ም በመጠኑ አሉ፣ በ100 የሉም። አሁን ምን ይደረጋል? በ100 ማታ መሥራት አይቻልም።


ጥላና እርሳስ፦

መጀመሪያ ወሰኑን ፈልጊ። ከ50 ጀምረሽ በ5 በ5 እየጨመርሽ እርሳሱን ደጋግመሽ ሞክሪ፣ ጥርሶቹ የሚጠፉበትን ቁጥር ያዢ። አንዳንድ ስክሪን ከተወሰነ ቁጥር በላይ መብራቱን በማድከም፣ ከዚያ በታች በብልጭታ ነው የሚቀንሰው። ቁጥሩ 70 ከሆነ ከ70 በታች አትውረጂ ማለት ነው። እስከ 95 ድረስ ጥርሶቹ ከቀጠሉ ደግሞ ሃርድዌሩን 100 ላይ ትተሽ ሌላውን ሥራ በሶፍትዌር ነው የምትሠሪው።

በሶፍትዌር ማለት የጀርባ መብራቱን ሳይነኩ ምስሉን ማጨለም ነው። እዚያው ኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር ውስጥ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ከለር ስትገቢ የብራይትነስ ማስተካከያ አለ፤ በኪቦርድ ከምትቀንሺው የተለየ ነው። እሱን ዝቅ አድርጊ። ዋጋ አለው፦ መብራቱ እንደበራ ስለሆነ ባትሪ ይበላል፣ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ቀለም ከቀለም በቀስታ በሚሸጋገርበት ቦታ ደረጃ ደረጃ መስመር ይታያል። ለጽሑፍ ይህ አይጎዳም፤ ፎቶ ለሚያርም ግን አይሆንም። ብዙ ካወረድሽው ፊደሉ ከገጹ ጋር ይዋሃድና ማፍጠጥ ይመጣል፣ ስለዚህ በጥቂቱ።

ግን ከሁሉም የሚሻለው የክፍሉን ብርሃን መጨመር ነው። ስክሪኑ የሚያስጨንቅሽ ዙሪያው ጨለማ ስለሆነ ነው። ከላፕቶፑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ የሚያበራ መብራት አድርጊ፣ አምፖሉ በስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ ግን ተጠንቀቂ። ከዚያ አንድ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዢ። ስክሪኑ ከወረቀቱ ይልቅ እንደ ፋኖስ የሚያበራ ከሆነ በዝቷል፤ ከወረቀቱ የጠቆረ ከሆነ አንሷል። ሁለቱ ነጮች እኩል ሲመስሉ ልኩ እሱ ነው። ክፍሉ ሲደምቅ ያ ልክ ከፍ ወዳለ ብራይትነስ ይሄዳል፣ ብልጭታውም አብሮ ይቀንሳል።

ወደፊት ሌላ ላፕቶፕ ስትመርጪ የብልጭታውን ፍጥነት ጠይቂ። በ2015 የወጣው የአይትሪፕልኢ (የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) 1789 ምክር፣ መብራቱ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ ቢሆን እንኳ ከ1250 ሄርትዝ በላይ ሲሆን አደጋው ዝቅተኛ፣ ከ3000 በላይ ሲሆን ደግሞ ምንም የሚታይ ተጽዕኖ የሌለው አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። 200 ከዚህ በጣም የራቀ ነው።


ሦስተኛ ወገን፦

ይህን ለሚያነቡና ኢንቴል ለሌላቸው ባጭሩ። ኤኤምዲ ላይ ያው ቁጠባ ቫሪ ብራይት ይባላል፤ ኤኤምዲ ሶፍትዌርን ከፍታችሁ የጥርስ ጎማ ቅርጽ ያላትን የሴቲንግስ ምልክት፣ ከዚያ ዲስፕሌይ ግቡና አጥፉት። ሊኑክስ ላይ ኤኤምዲ ያላችሁ፣ ባትሪ ላይ ቀለሙ ሲገረጣ ካያችሁ ፓወር ፕሮፋይሉን ወደ ፐርፎርማንስ ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ከተስተካከለ መንስኤው ይኸው ነው፣ ከርነሉ ሲነሳ የኤቢኤም (የዚሁ ቁጠባ ሌላ ስም) ደረጃን 0 በማድረግ ለዘለቄታው ይጠፋል። ማክ ላይ ባተሪ፣ ኦፕሽንስ ውስጥ ባትሪ ላይ ሲሆን ስክሪኑን በመጠኑ አደብዝዝ የሚለውን፣ ዲስፕሌይስ ውስጥ ደግሞ አውቶማቲክ ብራይትነስንና ትሩ ቶንን አጥፉ።

ኢንቴል ላይ መደብዘዙ ጠፍቶ ስክሪኑ አልፎ አልፎ እርግብ እርግብ የሚል ከሆነ ወይም የመዳፊቱ ቀስት የሚንቀረፈፍ ከሆነ፣ እዚያው ፓወር ገጽ ላይ ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽን አጥፉ። አድቫንስድ ዲስፕሌይ ውስጥም ሪፍሬሽ ሬቱ ዳይናሚክ ከሆነ በአንድ ቋሚ ቁጥር ላይ አድርጉት።


ፊደል ጠባቂ፦

አርታኢዋ፣ ስለ ናይት ላይቱ፦ ለውጥ ያላመጣው ተሳስተሽ አይደለም። ቢጫማ ማድረጉ ማታ ለሚመቸው ይመቸዋል፣ የዓይን ድካምን ግን ያቃልላል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። በ2023 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት) ግምገማም ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣሩ መነጽሮች የኮምፒውተር ድካምን ላይቀንሱ እንደሚችሉ ነው ያመለከተው። ለዚያ ብለሽ መነጽር አትግዢ።

ይልቅ ማቃጠል ስትዪ ከብልጭታው ሌላ የዓይን መድረቅ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ይጨፍናል፤ ስክሪን ላይ ሲያተኩር 5 እስከ 7 ጊዜ ብቻ ይሆናል። ፊደሉ ካነሰ ደግሞ ማፍጠጡ ይብሳል። በ14 ኢንች፣ 1920 በ1080 ስክሪን ላይ ስኬሉን (ዲስፕሌይ ውስጥ ያለውን የፊደልና የምልክት መጠን) 125 ወይም 150 በመቶ አድርጊ። ሬዞሉሽኑን በመቀነስ ፊደል አታሳድጊ፤ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ዓይንም የማይጠራውን ለማጥራት ሲታገል ይውላል። የአማርኛ ፊደል ላይ ይህ በተለይ ይጎዳል፦ «ሰ» እና «ስ»ን፣ «ጸ» እና «ጽ»ን የሚለየው ትንሽ ጭረት ነው፣ ደብዛዛ ሲሆን አራሚ እንደገና እንደገና ያያል። ከስኬሉ በኋላ ክሊርታይፕ የሚለውን (የዊንዶውስ የፊደል ማጥሪያ) ፈልገሽ ከሚያሳይሽ ናሙናዎች ጥርት ያለውን እየመረጥሽ ጨርሺ።

ጥቁር ገጽ በነጭ ፊደልም ለሁሉም አይስማማም። ገጹ ሲጨልም ብሌን ይሰፋል፣ አስቲግማቲዝም (ያልተስተካከለ የዓይን ጉብታ) ላለበት ሰው ፊደሉ ዙሪያውን ይፈሳል። ብርሃን ባለው ክፍል ለረዥም ንባብ ጥቁር ፊደል በነጭ ይሻላል፤ ሁለቱን እያፈራረቁ መሥራት ደግሞ ዓይንን ሊያደክም ይችላል።

ርቀቱ ከ50 እስከ 70 ሴንቲሜትር ይሁን፣ የስክሪኑ አናት ከዓይንሽ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ላፕቶፑን ከፍ ካደረግሽው የውጭ ኪቦርድ ያስፈልግሻል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ እዪ፣ በዚያው ዓይንሽን ሙሉ በሙሉ ጥቂት ጊዜ ጨፍኚ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየሽ ወይም እይታሽ ከቀነሰ ሴቲንግ መቀየሩን ትተሽ የዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ።


ጀርባ ብርሃን፦

አንድ የቀረኝን ልጨምር። ዊንዶውስ አፕዴት የኢንቴልን ድራይቨር ሲተካ ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግስ ተመልሶ ሊበራ ይችላል። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ነጩ ገጽ እንደገና አመድማ ሆኖ ሲመጣ ካየሽ፣ ሌላ ነገር ከመፈለግሽ በፊት ቻርጀሩን ነቅለሽ ኦን ባተሪ የሚለውን ክፍል እዪ።