የሴቶች ኮንዶም አጠቃቀም፦ ሸዋ ሮቢት ላሉ ሴቶች

ጥያቄ፦ እዚህ ባለሱቁ ሁሉንም ስለሚያውቅ ሴቶች ኮንዶም መጠየቅ ያፍራሉ። የሴቶቹን ባገኝላቸው እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ቀለበት አለው። መጀመሪያ ጊዜው አለማለፉን እዪ፤ ማሸጊያውን በጥርስ ወይም በመቀስ መክፈት አይገባም። በዝጉ በኩል ያለውን ቀለበት በአውራና በመሃል ጣት ጨምቆ ማስገባት፣ ከዚያ በሌባ ጣት እስከ ማህፀን በር መግፋት። ሌላው ቀለበት ውጭ ይቀራል። ከግንኙነት በፊት ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው፣ የሰውየውን ፈቃድ በመጨረሻዋ ደቂቃ አትለምንም። አንዳንዴ የሚበላሸው ብልቱ ከውጩ ቀለበት ጎን ሾልኮ ሲገባ ነው፤ በእጅ ትምራው። ሲወጣ የውጩን ቀለበት ጠምዝዞ መሳብ። አንዱን ሁለቴ መጠቀም የለም።

መልስ፦ ከወንዱ ኮንዶም ጋር ደርባ እንዳታደርገው፤ ተፋትገው ይቀደዳሉ ወይም ይንሸራተታሉ።

መልስ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ለብቻዋ አናግሪያት። የሴቶቹ ከጠፋ የወንዱም ይበጃል፤ ግን ቅቤና ቫዝሊን ላቴክሱን፣ ማለትም የተሠራበትን ጎማ፣ ያዳክመዋል። በቆላው ሙቀት ቆርቆሮ ሥር አይቀመጥ። የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወጋ ሴትም ኮንዶም ያስፈልጋታል፣ መርፌው አባላዘርን አይከላከልም።