አንታርክቲካ ላይ ቀለበት ላደርግላት አስቤያለሁ፤ የሄዳችሁ ምከሩኝ

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ከፍቅረኛዬ ጋር አምስት ዓመት ሆነን። ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ተለጥፎ ነበር፤ የታችኛው ጫፉ ግን ተቀዷል። አንታርክቲካ የሚባል አህጉር እንዳለ ያወቀችው ስምንተኛ ክፍል ስትገባ ነው። ይህን የነገረችኝ በተዋወቅን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በልቤ ይዤዋለሁ።

ሁለት ዓመት ተኩል ትርፍ ሰዓት እየሠራሁ ቆጠብኩ፤ ቲኬቱም ተቆረጠ። በጥምቀት ማግስት ከአርጀንቲና፣ ከኡሹዋያ ወደብ እንነሳለን። የ11 ቀን ጉዞ ነው፣ መንገደኛው 120 ገደማ። ጉዞውን ታውቃለች፤ ቀለበቱን ግን አታውቅም። ሐሳቤ ፔንግዊኖቹ መሃል በርከክ ብዬ "ታገቢኛለሽ?" ልላት ነው። ቀለበቱን የት ልደብቅ? የትኛው ቀን ይሻላል? ደግሞ እናቴ "ሽማግሌ ሳይላክ ምን ዓይነት ቀለበት ነው?" ብላ ከፍቷታል። እሱም እንቅልፍ ነስቶኛል።

ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)፦

ወንድሜ፣ ከወዲሁ እንኳን ደስ አለህ። እኔም የተጠየቅኩት እዚያው ነውና ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ መንበርከኩን ተወው። የወፍ ጉንፋን እ.ኤ.አ. በ2023 ከአንታርክቲካ በስተሰሜን ያለው ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ገባ፤ በ2024 ዋናው አንታርክቲካ ላይም ተገኘ። ስለዚህ ወፎችና እንስሳት በሚመላለሱበት ቦታ መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ ቦርሳ መሬት ላይ ማኖር አይፈቀድም። በሽታውን በልብስህ ይዘህ ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው ልታሻግር ትችላለህ። ከፔንግዊንም ቢያንስ አምስት ሜትር መራቅ አለብህ። እጮኛዬ ይህን የሰማው መርከቡ ላይ ገለጻ ሲሰጡን ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቼ ባሕሩ ያመመው መስሎኝ ውኃ አመጣሁለት።

በኋላ ኔኮ ሃርበር በሚባል የአንታርክቲካ ወሽመጥ ዳር ቆሞ ጠየቀኝ። ጓንቱን አውልቆ እጄን ሲይዘኝ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ያኔውኑ ማዶ ካለው ግግር በረዶ ትልቅ ቁራጭ ተገምሶ ባሕሩ ውስጥ ወደቀ። ድምፁ የክረምት ነጎድጓድ ነው። "እሺ" ያልኩትን አልሰማኝም፤ ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ተንበርክኮ ቢሆን ኖሮ ዓይኑን እንደዚያ በቅርብ አላየውም ነበር።

አሁን ቀለበቱ። ድሬክን፣ ማለት በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ያለውን ባሕር፣ ለማቋረጥ ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል። በዚያ መሃል የውጭ ልብስህና ቦርሳህ ይፈተሻል፤ ኪስህ ሳይቀር በቫኪዩም ይጸዳል። ዘርና አፈር ይዘን እንዳንወርድ ነው። ኪስህን ስትገለብጥ እሷ አጠገብህ ትቆማለች። ስለዚህ መርከቡ ላይ እንደወጣህ የጉዞውን መሪ ለብቻው አግኘውና ቀለበቱን አደራ ስጠው። ይህን የመሰለ ነገር ደስ ብሏቸው ነው የሚያግዙት። በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ የብስ ላይ ስለማይወርድ መንገደኛው በቡድን ይከፈላል፤ አንድ ቡድን ውስጥ እንዲያደርጓችሁም ጠይቀው። አበባና ፊኛ ይዘህ መውረድ አትችልም፤ በሻንጣህም አትጨናነቅ።

ቀን አትቁረጥ። እዚያ የሚወስነው አየሩ ነው። የእኛ የመጨረሻው ቀን በነፋስ ምክንያት ተሰርዟል። የመጀመሪያው የተረጋጋ ቀን ሲመጣ ጠይቃት።

የመርከብ ኤሌክትሪሺያን፦

ባሕር ዳር ተምሬ መርከብ ላይ ነው የምሠራው። ሁለት የበጋ ወቅት በዚያ መስመር ተመላልሻለሁ። እህታችን ያለችው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። በብርድ ጣት ይቀጥናል። ቤት ስትለካው ልክ የነበረ ቀለበት እዚያ ይሾልካል። በተለይ ወደ የብስ በምታደርሳችሁ የጎማ ጀልባ ላይ እንዳታወጣው፤ ባሕር ውስጥ ከገባ አለቀ። ካጠለቅክላት በኋላም መርከቡ ውስጥ እስክትገቡ ጓንቷን ታድርግበት።

መንበርከክ የግድ ከሆነብህ ደክ ላይ፣ ማለት መርከቡ ውጭ ባለው ወለል ላይ፣ ማንም አይከለክልህም። ፓራዳይዝ ቤይ የሚባለው የአንታርክቲካ ወሽመጥ የምትደርሱ ከሆነ እራት በልታችሁ ውጡ። በጥር መጨረሻ እዚያ እስከ ማታ አምስት ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ። ውኃው ጸጥ ካለ ተራራው በሙሉ ባሕሩ ላይ ይታያል። ብዙው ሰው በዚያ ሰዓት ባር ውስጥ ስለሚሆን ብቻችሁን ትሆናላችሁ። እኔ ሥራ ጨርሼ የምወጣው በዚያ ሰዓት ነበር። ባለቤቴን አጠገቤ አድርጌ ባየሁት ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

አንድ አባት (አዲስ አበባ)፦

ልጄ፣ እኔ ስለ በረዶው የማውቀው ነገር የለም። ለአራት ልጆች ግን ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። እናትህን የከፋት ቀለበቱ አይመስለኝም፤ የተረሳች መስሏት ነው። ዛሬውኑ ደውልላት። ከጉዞ እንደተመለሳችሁ ሽማግሌ እንደምትልክ ንገራት፤ እነማን ይሂዱ ብለህም አማክራት። ሦስት ሰው ይበቃል። አንደኛው የልጅቷ አባት የሚያከብሩት፣ የአገራቸው ሰው ይሁን። ሁለታችሁ አስቀድማችሁ መነጋገራችሁ ነውር የለበትም። ዱሮም ሳይተያዩ የተጋቡ እንዳሉ ሁሉ፣ ወንዝ ዳር ተስማምተው ሽማግሌ የላኩ ነበሩ። የባለቤቴን "እሺ" እኔም የሰማሁት አባቷ ሳይሰሙ ነው።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። ትናንት ማታ ደወልኩላት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ የሦስት ሰው ስም ነገረችኝ። ለካ ካሰበችበት ቆይታለች። አንደኛው ሰውዬ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው።

እህቴ፣ መንበርከኩ ፔንግዊኖቹን የሚጎዳ ከሆነ ቀርቷል። ለጉዞው መሪም መሳፈሪያችን ላይ አሳውቃለሁ። አሁን ልቤ ደክ ወዳለው ሐሳብ አዘንብሏል። የትምህርት ቤት ዓይነት የዓለም ካርታ ገዝቻለሁ፣ ታችኛው ጫፉ ያለበት። ቀለበቱን ከመስጠቴ በፊት እሱን ልዘረጋላት እፈልጋለሁ። መርከበኛው ወንድሜ፣ ማታ ላይ ደኩ ነፋስ አለው? ወረቀት ያስይዛል?