ከዋሻ ሚካኤልና ከመልካ ቁንጡሬ ተነሥተን አዲስ ሥራ ስንሠራ ቦታውን መገልበጥ ብቻ እንዳይሆንብን ምን እናድርግ?

ሠዓሊ ከየካ አባዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በየካ አባዶ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ የምንሠራ አራት ሠዓሊያን ነን። ካለፈው መስከረም ጀምሮ በከተማችን ዳርቻ ካሉ ጥንታዊ ቦታዎች ተነሥተን አዳዲስ ሥራዎችን ለመሥራት ተስማምተናል። መጀመሪያ የመረጥነው ለሁላችንም ቅርብ የሆነውን፣ በየካ ተራራ ላይ የሚገኘውን የዋሻ ሚካኤልን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ነው። ቦታውን ለማታውቁት፣ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ሲሆን ጣራው በአብዛኛው ወድቋል። ትውፊቱ የአብርሃና የአጽብሐ ዘመን ሥራ ነው ይላል፤ ያጠኑት ባለሙያዎች ግን ወደ 12ኛውና ወደ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል።

አራት ጊዜ ወጥተን ብዙ ንድፍ ይዘን ተመለስን። ንድፎቹን ግድግዳው ላይ ደርድረን ስናያቸው ግን ሁላችንም ዝም አልን። ዓምዶቹም ጥላውም ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ለጎብኚ ከሚሸጥ ፖስታ ካርድ የሚለያቸው ነገር አጣን። ቦታው ላይ ቆመን ሳለ የያዘን ዝምታ ወረቀቱ ላይ የለም። አንዱ ጓደኛችን በዐለቱ ላይ ወረቀት ለጥፈን በከሰል እያሸን የፈልፋዮቹን መሣሪያ ምልክት እናንሣ ብሏል፤ ሌላዋ ደግሞ የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎች ከሚገኙበት ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ባልጩት (እንደ ብርጭቆ የሚሰነጠቅ ድንጋይ) አምጥተን በሸራው ላይ እንለጥፍ ትላለች። ሁለቱንም ሳስበው ልቤ ይፈራል፤ የተሻለ መንገድ ግን ማመልከት አልቻልኩም። በእንዲህ ያለ ሥራ ያለፋችሁ ብትመክሩን እጅግ እናመሰግናለን።

ቀራፂ ከዓለም ገና፦

ወንድሜ፣ የፈሩት በትክክል ነው። ከባልጩቱ ልጀምር፤ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ መነሻ ላይ ስለምኖር ለስድስት ዓመታት ያህል ወደዚያ ተመላልሻለሁ። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለ ቦታ ነው። ኔዘርላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር እ.ኤ.አ. በ1963 ካገኘው ወዲህ ሲጠና ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ባልጩት ተብሎ ከሚጠራው አጎራባች ስፍራ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ መሬት ላይ የተኛች አንዲት ስባሪ ዋጋዋ ከተኛችበት ስፍራ ጋር የተያያዘ ነው፤ በየትኛው የአፈር ንብርብር ውስጥ፣ ከየትኛው አጥንት አጠገብ እንደነበረች ካልታወቀ ተመራማሪው ከእርሷ የሚያነበው እጅግ ያንሳል። ስለዚህ የምታህለዋ ትነስ፣ አንዲትም እንዳታነሡ እለምናችኋለሁ።

እኔን የጠቀመኝ የጥንቶቹን ሰዎች ሥራ በእጄ መማሬ ነው። ባልጩት እሳተ ገሞራ የፈጠረው ብርጭቆ ስለሆነ የተጣለ ጠርሙስ ወፍራም ቂጥ ሲመታ የሚሰነጠቀው ልክ እንደ እርሱ ነው። ጠርዙን በድቡልቡል ድንጋይ ወደ ውስጥ አዘንብለው ሲመቱት ከሥሩ ቀጭን ልጣጭ ይነሣል፤ የተነሣበትም ቦታ እንደ ዛጎል ሆድ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ይህን የምትሞክሩ ከሆነ የዓይን መከላከያ፣ የቆዳ ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጋችሁ፣ በደጅ ሁናችሁ ይሁን፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል። እኔ ለወራት ስቀጠቅጥ ከቆየሁ በኋላ ወደ ቦታው ሙዚየም ተመልሼ አንድ የእጅ መጥረቢያ ስመለከት፣ የመጀመሪያው ምት የት እንዳረፈና ሠሪው የቱ ላይ ድንጋዩን ገልብጦ እንደያዘ መከተል ቻልኩ። ከዚያ ቀን በፊት የማየው ቅርፁን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ዱካው ነው። ጎምቦሬ በተባለው ክፍል 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ የአዋቂዎችም የሕፃናትም አለበት፣ የእንስሳትም አብሮ አለ። መሣሪያ በሚሠራበትና ሥጋ በሚበለትበት ስፍራ ሕፃናቱ እዚያው ወላጆቻቸው እግር ሥር ነበሩ ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዱካውን አስመስዬ ለመቅረፅ ግን እጄ አልታዘዘኝም። ከሸክላ ሠሪዎች ጭቃ ገዝቼ በግቢዬ መግቢያ ላይ አነጠፍኩትና ለአንድ ሳምንት በየማታው ውሃ እየረጨሁ ተውኩት። ጀሪካን ተሸክመው ከቦኖ የሚመለሱ የጎረቤት ልጆች ረገጡት፤ እናቶቻቸውም ረገጡት፤ አንዲት ፍየልም አለፈችበት። ከዚያ በኋላ ቆራርጬ አደረቅሁትና በኩበትና በእንጨት እሳት ተኮስኩት። የአንዱን ልጅ ዱካ እናቱ ስታየው፣ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ የዞረው በሕፃንነቱ ወድቆ እንደሆነ ነገረችኝ። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ይህንኑ ነው።

አስጎብኚ ከየካ፦

ጤና ይስጥልኝ። በከሰል ማሸቱን በሚመለከት አደራ የምለው አለኝ። የዋሻ ሚካኤል ዐለት ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጣራው ስለሌለ ክረምት ዝናቡን ይጠጣል፣ በጋ ይደርቃል፣ እየተፈረፈረም ይሄዳል፤ ስለዚህ በላዩ ላይ ወረቀት ማሸት ሊያስተላልፉት የፈለጉትን ምልክት ራሱን ማርገፍ ነው። ጭቃ ወይም ጀሶ መጫንም እንዲሁ። ሻማ አስጠግቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ጥላሸት ይተዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመጠበቅ ግዴታ በሁላችንም ላይ ጥሏል፤ ከሕጉም በፊት ደግሞ ቦታው ለምእመናኑ የጸሎት ስፍራ መሆኑን አትርሱ። የደብሩን አስተዳዳሪና የሰበካ ጉባኤውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የምትሠሩትን በንድፍ አሳዩአቸው። እኔ እንዳየሁት ካህናቱ ከሠዓሊ ጋር መነጋገር ይወዳሉ፤ ቅር የሚላቸው ሳይነገራቸው ሲቀር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎብኚዎችን ስመራ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «እነዚህ ፈልፋዮች የሠሩት የቱን ነው?» ሁሉም ወደ ዓምዶቹ ያመለክታል። ዓምዱ ግን ሳይነካ የቀረ ዐለት ነው፤ ሰዎቹ በእጃቸው የሠሩት በዓምዶቹ መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ ነው። ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ እንደገና ይክባል፤ ፈልፋይ ግን አንዴ ያነሣውን አይመልሰውም። እናንተ ንድፋችሁ ላይ ዓምዱን በእርሳስ አጥቁራችሁ ባዶውን ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ ትታችሁት ይሆን? ምናልባት ያጣችሁት ነገር እዚያ ላይ ይሆናል።

የሥዕል መምህርት ከሰበታ፦

ከላይ የተሰጡት ምክሮች መልካም ናቸው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ቦታውን በግልጽ መሣል እንደ ጥፋት ሊቆጠር አይገባም። በአብያተ ክርስቲያናታችን በሸማ ላይ ሥለው ግድግዳው ላይ የለጠፉት አባቶች የተወረሰውን ሥርዓት ጠብቀው ሣሉ፤ ሆኖም የአንዱ እጅ ከሌላው ይለያል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ከብራናና ከክታብ ሥዕል ብዙ ወስዷል፤ የወሰደውን ግን እስኪዋሐደው ድረስ አብሮት ስለኖረ ሥራው የራሱ ሆነ። አራት ጊዜ መውጣት ጥቂት ነው ብዬ አስባለሁ። በክረምት ውጡ፣ በጭጋግ ውጡ፣ በንግሥም ቀን ሕዝቡ መካከል ቆማችሁ እዩት።

በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ መካኒሳ ያለውን የዞማ ሙዚየም ሂዱና ግድግዳዎቹን በእጃችሁ ርቀት ተመልከቱ። ጭቃና ጭድ የአያቶቻችን ቤት መሥሪያ ነበር፤ እዚያ ግን በዚያው ቁስ ማንም አይቶት የማያውቅ ቅርፅ ወጥቶበታል።

እኔ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጢያ ሄጄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ ከእነርሱም 32ቱ ምልክት የተቀረፀባቸው ናቸው። ልጆቹ በየድንጋዩ ላይ ያለውን ሰይፍ እየቆጠሩ ሲሯሯጡ፣ ከሥሩ የተቀበሩ ሰዎች እንዳሉ ስነግራቸው ቆም አሉ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ «ለምትወዱት ሰው ድንጋይ ብታቆሙ ምን ትቀርፁበታላችሁ?» አልኳቸው። አንዱ ልጅ ለአያቱ ሞፈርና ቀንበር ሣለ፤ አንዲቷ ለእናቷ የእንጀራ ምጣድና ከጎኑ ሰባት ትንንሽ ክቦች ሣለች፤ ክቦቹ ምን እንደሆኑ ስጠይቃት «እኛ ነን» አለችኝ። የጢያን ድንጋይ የገለበጠ አልነበረም፤ ጢያን ያላዩ ልጆች ግን ያንን ሊሥሉ አይችሉም ነበር።

ሠዓሊ ከየካ አባዶ፦

እግዜር ይስጥልን። የጻፋችሁልንን ትናንት ማታ ለሦስቱም ጓደኞቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ከሰሉም ባልጩቱም ቀርቷል። ያቀረቡት ሁለቱም ጓደኞቼ ምክንያቱን ሲሰሙ ሳያንገራግሩ ተቀብለዋል።

የአስጎብኚው ጥያቄ ግን ቤታችንን ገልብጦታል። ንድፎቹን እንደገና አውርደን ስናያቸው እንደተባለው በሁሉም ላይ ባዶው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት አንድ ትልቅ ወረቀት ሙሉ በሙሉ በከሰል አጥቁረን፣ ብርሃኑን በላጲስና በለስላሳው የዳቦ ክፍል እያነሣን መሥራት ጀመርን፤ አንዴ ከመጠን በላይ የተነሣውን ቦታ መልሰን ላለማጥቆር ተስማምተናል። ሁለቱ ወረቀቶች ተበላሽተው ተጥለዋል፤ ሦስተኛው ላይ ግን ጣራው የነበረበት ክፍት ቦታ መታየት ጀምሯል።

መምህርት፣ በጭጋግ ውጡ ያሉንን በሚመጣው ክረምት እንፈጽማለን። እስከዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስተዳዳሪውን ለማነጋገር ሄደን፣ ሥራው ሲያልቅ ከማንኛውም የከተማ አዳራሽ አስቀድሞ በደብሩ ግቢ ለአካባቢው ሰው የምናሳይበትን ፈቃድ እንጠይቃለን። የዓለም ገናውን ወንድማችንን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን፦ የተተኮሱትን የዱካ ቁርጥራጮች ከተራራችን ሥራ ጎን ለጥቂት ቀናት ሊያውሱን ይችላሉ? መጥተን የምንወስደው እኛ ነን፤ ጭድ የሞላበት ሣጥንም አዘጋጅተናል።

ቀራፂ ከዓለም ገና፦

በደስታ። ነገር ግን የዚያን ልጅ እናት አስቀድሜ ልጠይቃት፤ ዱካው የልጇ ነውና።