አባቴ የምላስ ካንሰር ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው፤ ያስታመማችሁ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ምላሱ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞለታል። የምላሱን ግማሽ ያህልና አንገቱ ላይ ያሉትን ንፍፊቶች ያወጣሉ። የጎደለውን ከክንዱ በሚወሰድ ሥጋና ቆዳ ይሞሉታል። ለጥቂት ቀን አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ ምግቡም በአፍንጫው በሚገባ ቱቦ ነው። ከዚያ ጨረር ሊከተል ይችላል።

ሐኪሙ በደንብ አስረድተውናል፤ እሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። እኔን የጨነቀኝ የማስታመሙ ነገር ነው። በቱቦ ምን እያዘጋጃችሁ ሰጣችሁ? እናቴ ከአሁኑ የአጥሚት እህል እያስፈጨች ነው። እኔ ግን ሲቀዘቅዝ ይወፍርና ቱቦውን ይደፍነዋል ብዬ ፈራሁ። ወተትና የተጣራ ሾርባ ብቻውንስ ያቆመዋል?

ሌላው መግባባቱ ነው። አባባ ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ደብተርና እስክሪብቶ አይሆነንም። በሥዕል ወይም በእጅ ምልክት የተግባባችሁ አላችሁ? አሁን መናገር እያለ አብረን ብንለማመድስ?

ደግሞ ጠያቂው! «ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል» እያሉ ልቡን ያሸብሩታል። እሱም «ይቅርብኝ» ማለት ጀምሯል። እናንተ ዘመድ ሳታስቀይሙ እንዴት ዝም አሰኛችሁ?